የግቢ በር ደወል ቁልፍን ከስማርት ቤት ጋር ማገናኘት፦ ሁለት ሽቦ፣ አንድ ትንሽ ቦርድ

የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው። እንግዳ ሲመጣ በሳንቲም ያንኳኳል። ካልተሰማ ድንጋይ ያነሳል። የበሩ ቀለም በአንድ በኩል ብቻ ተልጦ ያለቀው በዚህ ነው። ደወል አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ምሰሶው ላይ የማይሠራ የደወል ቁልፍ ነበር። ከሱ ተነስቶ ቤት ድረስ የሚመጣ፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሁለት ሽቦም ነበር። ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

መጀመሪያ በባትሪ የሚሠራ ገመድ አልባ ደወል ገዛሁ። ባትሪው ማለቁን የምናውቀው ዘመድ ደጅ ቆሞ ሲደውልልን ነው። «ግማሽ ሰዓት ስጫን ቆየሁ እኮ!» ቀጥሎ ዋይፋይ ያለውን ሞከርኩ። ከራውተሩ እስከ በሩ 25 ሜትር ያህል ነው፤ መሃል ላይ ሁለት የድንጋይ ግድግዳ አለ። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ደወል ደግሞ «አንዳንዴ» ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

በመጨረሻ ወደ አሮጌው ሽቦ ተመለስኩ። በሩ ላይ ያለው ነገር ብልህ መሆን የለበትም። ሁለት ብረት ተነካኩ፣ መልእክቱ ደረሰ፣ አለቀ። ብልሁ ዕቃ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ ከዝናብም ከሌባም ይርቃል። ከዚህ በታች ያለው እኔ የሠራሁበት መንገድ ነው። ቁልፉ ሲጫን ቤት ውስጥ ደወል ይጮኻል፣ ማታ ከሆነ የግቢው መብራት ይበራል፣ ቴሌግራም ላይም መልእክት ይመጣል። ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ ደወሉ መጮኹን አይተውም። ይህን የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ያዙት፤ ብዙ ውሳኔ የመጣው ከሱ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ዝርዝሩ አጭር ነው። ኢኤስፒ32 የሚባለው ዋይፋይ ያለው፣ ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ፣ ባለ 12 ቮልት ዲሲ አዳፕተር፣ 12ቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ መቀነሻ፣ ፒሲ817 የሚባል ኦፕቶካፕለር (ምልክትን በብርሃን የሚያሻግር ትንሽ ዕቃ)፣ በ3.3 ቮልት የሚታዘዝ ባለ አንድ ሪሌይ ሞጁል (ሪሌይ ማለት በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው)፣ በ12 ቮልት ዲሲ የሚጮኽ ደወል ወይም ባዘር። ሬዚስተር (የኃይልን ፍሰት የሚገታ) ሦስት፦ 2.2 ኪሎ ኦም፣ 1 ኪሎ ኦም እና 4.7 ኪሎ ኦም። ዳዮድ (ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ሁለት፦ 1ኤን4148 እና 1ኤን4007። ሞርሴቶ (የሽቦ ማያያዣ)፣ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ። መልቲሜትር የግድ ነው። መልቲሜትር የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው እመርጣለሁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሆም አሲስታንት የሚሠራበት አንድ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ሆም አሲስታንት የስማርት ቤት ዕቃዎችን ከአንድ ቦታ የሚያዝ፣ በ2013 የተጀመረ ነፃና ክፍት ፕሮግራም ነው፤ ራስፕበሪ ፓይ ላይም፣ የተጣለ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። እሱን መጫን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እዚህ እንዳለ እቆጥረዋለሁ።

አንደኛ፦ አሮጌው ሽቦ ምን እንደተሸከመ እወቁ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በድሮ ቤቶች ብዙ ጊዜ የበሩ ደወል በቀጥታ በ220 ቮልት ነው የሚሠራው። የእኛም እንደዚያው ነበር። ፌዙ (ኃይል ያለበት ሽቦ) በበሩ ቁልፍ በኩል አልፎ ነው ወደ ደወሉ የሚመለሰው። ማለትም አንድ ሰው በሐምሌ ዝናብ፣ በረጠበ እጁ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ቁልፍ ሲጫን በጣቱና በ220 ቮልት መሃል የቀረችው ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነች። ይህን ሳይ ለስንት ዓመት እንዴት ሰው እንዳልጎዳ ገረመኝ።

ብሬከሩን አጥፉ። ከዚያ መልቲሜትሩን መጀመሪያ መብራት ባለበት ሌላ ሶኬት ላይ ሞክሩ፤ 220 አካባቢ ያሳይ። ቀጥሎ የደወሉን ሽቦዎች ለኩ። ዜሮ ካለ በኋላ ተመልሳችሁ ሶኬቱን እንደገና ለኩ። ሦስት ጊዜ መለካቱ መሣሪያው ራሱ እንዳልሞተ ለማረጋገጥ ነው። በካቻቢቴ ቴስተር ብቻ አትተማመኑ፤ መብራቱ አልበራም ማለት ሁልጊዜ ኃይል የለም ማለት አይደለም።

አሁን ይህ መስመር ከቤቱ መብራት ጋር የተቀጠለበትን ቦታ ፈልጉ። የእኛ ኮሪደር ጣሪያ ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ ነበር። እዚያ ላይ ከ220ው ሙሉ በሙሉ ይላቀቅ፤ የ220ው ጫፍ በሞርሴቶ ይዘጋ። ቁልፉ ጋ መቁረጥ ወይም ብሬከር አጥፍቶ መተው አይበቃም፤ ነገ ሌላ ሰው ብሬከሩን ያነሳዋል። መቀጠያውን ካላገኛችሁት ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ነውር የለውም፤ እኔም ለዚህች ክፍል ሰው ጠርቻለሁ።

ሽቦው ከሌላ የ220 መስመር ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ተዉት። የአንዱ ልባስ ቢላጥ 220ው ወደ ቦርዳችሁ ይመጣል። በሌላ ቱቦ አዲስ ሽቦ ዘርጉ። የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ያለ አንድ የተጠማዘዘ ጥንድ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

ውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎች ጋ ነገሩ ይለያል። አሜሪካ ቤት ውስጥ ያለው ባለ ሽቦ ደወል ብዙውን ጊዜ ከ16 ቮልት ኤሲ ትራንስፎርመር ጋር የተያያዘ ነው። ሰው አይገድልም፤ ቦርዱን ግን ያቃጥላል። ትራንስፎርመሩ ከሽቦው ይላቀቅ፣ ከዚያ የሚከተለው ሁሉ እንዳለ ይሠራል።

ሁለተኛ፦ ቁልፉና መስመሩ

የምንፈልገው ተጭነው ሲለቁት በስፕሪንግ የሚመለስ ቁልፍ ነው። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አይሆንም፤ እሱ በተዉት ቦታ ይቀመጣል። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ መልካቸው አንድ ስለሆነ መልቲሜትሩን ድምፅ ላይ አድርጋችሁ እዚያው ሞክሩት። ሳይጫን ዝም፣ ሲጫን ጢጥ፣ ሲለቀቅ ዝም። ይህ ነው የሚገዛው።

ሌሊት እንዲታይ ውስጡ ትንሽ መብራት ያለውን ቁልፍ አትግዙ። ያምራል፤ ግን መብራቷ የምትበራው ባልተጫነው ቁልፍ በኩል ትንሽ ኃይል ሁልጊዜ እያለፈ ነው። ያች ትንሽ ኃይል በኋላ ታስቸግራችኋለች።

መስመሩን ለመፈተሽ በሩ ጋ ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ጠምዝዙና ቤት ውስጥ በኦም ለኩ። በ25 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 50 ሜትር፣ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መዳብ 1 ኦም ገደማ ያሳያል። በመቶዎች ካሳየ የሆነ ቦታ የዛገ መቀጠያ አለ። ከዚያ በሩ ጋ ፍቱትና እንደገና ለኩ፤ አሁን መልቲሜትሩ ምንም ማንበብ የለበትም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኦም ካነበበ መስመሩ ወይም ቁልፉ ውስጥ እርጥበት ገብቷል።

ሦስተኛ፦ ለምን ኦፕቶካፕለር

ብዙ ሰው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አንዱን ሽቦ ከቦርዱ እግር (ሽቦ ከሚያያዝበት ጫፍ) ጋር፣ ሌላውን ከግራውንድ (ከቦርዱ ኔጌቲቭ) ጋር ያገናኝና በቦርዱ ውስጥ ያለውን ወደ ላይ ሳቢ ሬዚስተር፣ ማለትም ቁልፉ ሳይጫን እግሩን 3.3 ቮልት ላይ የሚይዘውን፣ ያበራል። ቁልፉ ሲጫን እግሩ ከ3.3 ቮልት ወደ ዜሮ ይወርዳል። ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ይህ በቂ ነው። እኔም እንደዚያ ጀመርኩ። አንድ ሳምንት በሰላም ሠራ።

ከዚያ የውሃ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ደወሉ መጮኽ ጀመረ። የፓምፑ መስመር በሌላ ቱቦ ቢሄድም ከደወሉ ሽቦ ጎን ለጎን ነው። በቦርዱ ውስጥ ያለው ሬዚስተር 45 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፤ በጣም ደካማ ማለት ነው። እግሩን ወደ ላይ የያዘው ኃይል ከ0.1 ሚሊ አምፒር በታች ነው። 25 ሜትር ሽቦ ደግሞ ጥሩ አንቴና ነው። ፓምፑ ሲነሳ የሚረጨው የኤሌክትሪክ ረብሻ ያችን ደካማ ኃይል በቀላሉ ያሸንፋል።

እሱን እያሰብኩ ሳለ ክረምቱ ገባ። አንድ ሌሊት፣ ከለሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ደወሉ ጮኸ። ተነስቼ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ማንም የለም። ተመልሼ ስተኛ ደገመ። ጠዋት ቁልፉን ስፈታው ውስጡ ውሃ ቋጥሯል። ባልተጫነ ቁልፍ ላይ መልቲሜትሩ 20 ኪሎ ኦም አካባቢ አነበበ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 45 ኪሎ ወደ ላይ ሲስብ 20 ኪሎ ወደ ታች ከሳበ እግሩ ላይ የሚቀረው 1 ቮልት ገደማ ነው። ቦርዱ «ተጫነ» ቢል አይፈረድበትም።

መፍትሔው መስመሩን ጠንከር ባለ ኃይል ማናገር ነው። በ3.3 ቮልት ፋንታ 12 ቮልት፣ በሚሊ አምፒር ክፍልፋይ ፋንታ 5 ሚሊ አምፒር። ይህ ኃይል ቦርዱን በቀጥታ አይነካም፤ ኦፕቶካፕለሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ኤልኢዲ ያበራል። ብርሃኗን በማዶ ያለ ትራንዚስተር ያየዋል። ቦርዱ የሚያወራው ከትራንዚስተሩ ጋር ነው። 5 ሚሊ አምፒር ሌላም ጥቅም አለው። ቁልፉ ውስጥ ያለው ብረት ላይ የሚይዘውን ስስ ዝገት ለማለፍ ከደካማው ኃይል ይሻላል።

አራተኛ፦ አገጣጠሙ

ፒሲ817 አራት እግር አለው። ጥግ ላይ ነጥብ ያለችበት እግር 1 ነው። 1 እና 2 በአንድ ወገን ናቸው፤ ኤልኢዲው እዚያ ነው። 3 እና 4 በማዶ ናቸው፤ ትራንዚስተሩ እዚያ ነው።

ከ12 ቮልቱ ፖዘቲቭ ተነሱ። መጀመሪያ 2.2 ኪሎ ኦሙ፣ ከዚያ ወደ በሩ የሚሄደው ሽቦ፣ ቁልፉ፣ የሚመለሰው ሽቦ፣ ከዚያ እግር 1። እግር 2 ወደ 12 ቮልቱ ኔጌቲቭ ይሄዳል። ሬዚስተሩ ቤት ውስጥ መሆኑ ልብ ይባል። በር ላይ ያለውን ሽቦ አንድ ሰው ቆርጦ ቢያጋጥመው እንኳ የሚያልፈው ከ6 ሚሊ አምፒር አይበልጥም። የሚያተርፈው ደወሉን ማስጮኽ ነው።

1 ኪሎ ኦሙን በእግር 1 እና 2 መካከል፣ ከኤልኢዲው ጎን ለጎን ግጠሙ። የዝናቡ መድኃኒት እሱ ነው። ኤልኢዲው ለመብራት 1.2 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። እርጥብ ቁልፍ የሚያሾልከው ግማሽ ሚሊ አምፒር በዚህ ሬዚስተር ሲያልፍ ግማሽ ቮልት ብቻ ይፈጥራል፤ ኤልኢዲው አይበራም። ቁልፉ በእውነት ሲጫን ግን ከ5 ሚሊ አምፒሩ አንድ ትንሽ ከፍሎ የቀረው ለኤልኢዲው ይተርፋል። 1ኤን4148ን ደግሞ እዚያው ላይ በግልባጭ፣ ሰረዙ ወደ እግር 1 ዞሮ፣ አስቀምጡት። በተቃራኒ የሚመጣ ኃይል ኤልኢዲውን እንዳይጎዳ ነው።

በማዶ፣ እግር 3 ወደ ቦርዱ ግራውንድ። እግር 4 ወደ ቦርዱ እግር 27። ከእግር 27 ወደ 3.3 ቮልት ደግሞ 4.7 ኪሎ ኦሙን።

ለምን 27? የኢኤስፒ32 እግሮች ሁሉ እኩል አይደሉም። ከ6 እስከ 11 ያሉት ለቦርዱ ማስታወሻ የተያዙ ናቸው። 0፣ 2፣ 12 እና 15 ቦርዱ ሲነሳ ያሉበትን ሁኔታ ስለሚያነብ፣ በዚያ ሰዓት እግሩ ላይ ያለው ቮልት ካልተስማማው ቦርዱ ላይነሳ ይችላል። 34፣ 35፣ 36 እና 39 ማንበብ ብቻ ይችላሉ፤ ወደ ላይ ሳቢ ሬዚስተርም በውስጣቸው የለም። 27 ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው። 26ም እንዲሁ፤ እሱን ለሪሌዩ እንጠቀምበታለን።

ደወሉ ከሪሌዩ ጋር ይሄዳል። 12 ቮልት በሪሌዩ አልፎ ወደ ደወሉ። ደወሉ መጠምጠሚያ ያለው ከሆነ 1ኤን4007ን በሁለቱ ጫፎቹ ላይ፣ ሰረዙ ወደ ፖዘቲቭ ዞሮ፣ ግጠሙ። አለበለዚያ ሲጠፋ የሚረጨው ኃይል ቦርዱን ያስነሳዋል።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ ሁሉንም ከአንድ 12 ቮልት ስለምነዳው ግራውንዱ የጋራ ነው። ስለዚህ ኦፕቶካፕለሩ ረብሻውን ይከላከላል እንጂ የበሩን መስመር ከቦርዱ ሙሉ ለሙሉ አልለየልኝም። መብረቅ የሚበዛበት አካባቢ ያላችሁ፣ የበሩን መስመር የሚነዳ ሌላ ትንሽ አዳፕተር ለብቻው አድርጉ።

ቦርዱ ላይ ፕሮግራም ከመጫናችሁ በፊት ኃይል ሰጥታችሁ ለኩ። ቁልፉ ሳይጫን እግር 4 ላይ 3.3 ቮልት፣ ሲጫን ከግማሽ ቮልት በታች። ይህ ካልሆነ ስሕተቱ ሽቦው ላይ ነው፤ ፕሮግራም ውስጥ አትፈልጉት።

አምስተኛ፦ ቦርዱን ማስተማር

ለዚህ ኢኤስፒሆምን እጠቀማለሁ። የሆም አሲስታንት ቤተሰብ ነው። ኮድ መጻፍ ነው ማለት ይከብዳል፤ ምን እንደምትፈልጉ በአጭር ፋይል ትዘረዝሩለታላችሁ፣ እሱ ፕሮግራሙን ይሠራል። የፋይሉ ቃላት በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ትክክለኛ አጻጻፋቸውን ከኢኤስፒሆም ድረ ገጽ ቅዱ። እኔ ምን ምን እንደምታዙት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቦርዱን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙ። ኮምፒውተሩ ካላየው ገመዱን ቀይሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ ስንቱን ሰው ግማሽ ቀን አባክኗል። አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ቀጣዩ ሁሉ በዋይፋይ ነው። ይህ ቦርድ 2.4 ጊጋሄርዝ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ራውተራችሁ 5ቱን ብቻ ከከፈተ አይገናኝም።

አሁን ትእዛዙ። እግር 27 አብርቶ የሚያጠፋ ዳሳሽ ነው በሉት። ተገልብጦ ይነበብ፤ ቁልፉ ሲጫን ቮልቱ ስለሚወርድ ነው። ከዚያ ማጣሪያ ጨምሩ፦ ቢያንስ ለ40 ሚሊ ሰከንድ ካልተጫነ አትቁጠረው። ብረት ከብረት ሲጋጭ ከመርጋቱ በፊት ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራል። ያለ ማጣሪያ አንድ መጫን አምስት ሆኖ ይቆጠራል። 40 ሚሊ ሰከንድ ለሰው ጣት ምንም አይደለም፤ ለነጠራው ግን ዘላለም ነው።

ቀጥሎ ዋናው። እግር 26ን ሪሌይ በሉት። ቁልፉ ሲጫን ሪሌዩ ይብራ፣ 1 ሰከንድ ተኩል ይቆይ፣ ይጥፋ። ይህን ቦርዱ ላይ ጻፉት፤ ሆም አሲስታንት ላይ አታድርጉት። ራውተሩ ቢሞት፣ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ፣ ቦርዱ ብቻውን ደወሉን ያስጮኻል። 1 ሰከንድ ተኩል ያልኩትም በምክንያት ነው። የሰፈር ልጆች ጣታቸውን ቢተክሉበት እንኳ ደወሉ አንዴ ጮኾ ያርፋል።

ይህን ሁሉ አድርጌ አንድ ነገር አመለጠኝ። አንድ ቀን ሆም አሲስታንት ያለበት ላፕቶፕ ጠፍቶ ነበር። ሪሌዩ በየሩብ ሰዓቱ «ጢቅ» ማለት ጀመረ። እማዬ ቡና እያፈላች «ደወሉ ስቅታ ያዘው እንዴ?» አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ኢኤስፒሆም የሚያናግረው ሰው ለ15 ደቂቃ ካጣ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ዋይፋይ ሲጠፋም እንደዚሁ ነው። ሁለቱም ጋ ይህን የጊዜ ገደብ ዜሮ አድርጉት። ያኔ ብቻውን ቢቀርም ሥራውን ይቀጥላል።

ከአንድ ቁልፍ ብዙ ትእዛዝ ማውጣትም ይቻላል፦ አንዴ መጫን፣ ሁለቴ መጫን፣ ይዞ መቆየት። የበሩ ቁልፍ ላይ ግን ጥንቃቄ ይኑር። እንግዳ ሰው ደወል ሲጫን ሦስት ሰከንድ ይይዘዋል፤ ያልተሰማ ሲመስለው ይደጋግማል። «ይዞ መቆየት ማለት አደጋ አለ ማለት ነው» ብላችሁ ካሰናዳችሁ በየቀኑ አደጋ ነው። እኔ አንድ ብቻ ጨመርኩ፦ እያንዳንዳቸው ከ0.3 ሰከንድ ያላለፉ ሦስት ፈጣን መጫኖች። ይህ የቤተሰብ ምልክት ነው፤ «እኔ ነኝ» ማለት ነው። ለአልጋ አጠገብ ቁልፍ ደግሞ ሁሉንም ተጠቀሙበት፤ እዚያ የሚጫነው የሚያውቅ ሰው ነው።

በሩን የሚከፍት ትእዛዝ በውጭ ቁልፍ ላይ እንዳታደርጉ። ምልክቱን አንዴ ያየ ሁሉ ይገባል።

ስድስተኛ፦ ሆም አሲስታንት ላይ

ቦርዱ ዋይፋይ ላይ ከገባ ሆም አሲስታንት ራሱ «አዲስ ዕቃ አገኘሁ» ይላል። ተቀበሉት። ከዚያ ሁለት ኦቶሜሽን (አንድ ነገር ሲሆን በራሱ የሚፈጸም ትእዛዝ) ለየብቻ እንሠራለን። አንድ ላይ አትደባልቋቸው፤ ጠባያቸው ይለያያል።

የመጀመሪያው መብራት ነው። ቁልፉ ከጠፍቶ ወደ በርቶ ሲለወጥ፣ ፀሐይ ከጠለቀች፣ የግቢው ባውዛ ይብራ፣ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ይጥፋ። «ከጠፍቶ ወደ በርቶ» የሚለውን ሁለቱንም ሙሉ። «ወደ በርቶ» ብቻ ካላችሁ ቦርዱ ከግንኙነት ጠፍቶ ሲመለስም ሊነሳ ይችላል። የኦቶሜሽኑን ጠባይ «እንደገና ጀምር» በሚለው አድርጉት። እንግዳው በአራተኛው ደቂቃ ደግሞ ቢጫን 5 ደቂቃው ከዜሮ ይቆጠራል፤ ጨለማ ውስጥ አይቀርም።

ሁለተኛው የቴሌግራም መልእክት ነው። ቴሌግራም ላይ ቦትፋዘር (ቦት የሚፈጠርበት የቴሌግራም አካውንት) ጋ ቦት፣ ማለትም በራሱ መልእክት የሚጽፍ አካውንት፣ ፍጠሩ፣ የሚሰጣችሁን ረጅም የምስጢር ኮድ ሆም አሲስታንት ላይ አስገቡ፣ ቦቱን የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ ጨምሩ። ያን ኮድ ለማንም አታሳዩ፤ የያዘው ሰው በቦቱ ስም መጻፍ ይችላል። ከዚያ የበሩ ቁልፍ ሲጫን «በር ላይ ሰው አለ» ይጻፍ፣ መጨረሻ ላይ 20 ሰከንድ ይጠብቅ። የዚህኛው ጠባይ «ነጠላ» ይሁን። መጠበቂያው ሳያልቅ የሚመጣውን መጫን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ይህን ሳላደርግ አንድ ቸኩሎ የመጣ ዕቃ አድራሽ ግሩፑ ላይ አሥራ አንድ መልእክት አስቀመጠልኝ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ በድንጋጤ ደወለች።

ስለ ሼሊ ለሚጠይቁ

ሼሊ የሚባለውን ባለ ዋይፋይ ትንሽ ሪሌይ ዘመድ ከውጭ ልኮላቸው ለዚህ ሥራ የሚጠይቁኝ አሉ። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ቁልፉን ከሪሌዩ ነጥሎ መልእክት ብቻ እንዲልክ ማድረግም ይቻላል። ግን ሼሊ 1 በ220 ሲሠራ ወደ ቁልፉ የሚሄደው ሽቦም 220 ይሸከማል። ከበር የፈታነውን ችግር መልሶ በር ላይ መስቀል ነው። ግድግዳ ውስጥ፣ የቤት ማብሪያ ጀርባ ተጠቀሙበት።

ሰባተኛ፦ መብራት ሲጠፋ

መብራት በሄደ ቁጥር የሚሞት ደወል እኛ ጋ አይሠራም። ለራውተር የሚሸጠው ባለ 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይህን ሁሉ ይሸከማል። ቦርዱ ዋይፋይ ሲልክ ለቅጽበት እስከ ግማሽ አምፒር ሊስብ ስለሚችል መቀነሻው 5 ቮልት ላይ 1 አምፒር የሚችል ይሁን። ፓወር ባንክ ለመጠቀም ያሰባችሁ ካላችሁ፣ አንዳንዶቹ የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን «ማንም የለም» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። አንድ ሌሊት አሳድራችሁ ሞክሩት።

ባይሠራ የት ይታይ

ቅደም ተከተሉ ከበር ወደ ቤት ነው። ቁልፉ ላይ መልቲሜትር፤ ከዚያ ቤት በሚገባው ሽቦ ላይ፤ ከዚያ እግር 4 ላይ፤ ከዚያ የኢኤስፒሆም መዝገብ ላይ። ደወሉ ይጮኻል ግን መልእክት አይመጣም ከሆነ ችግሩ ከቦርዱ ወዲያ ነው፤ ሽቦውን አትንኩ። መልእክት ይመጣል ግን ደወሉ ዝም ካለ ሪሌዩን እዩ። ሪሌዩ ጢቅ ይላል ግን ደወሉ ዝም ካለ ደወሉን። ሁልጊዜ «ተጭኗል» የሚል ከሆነ ቁልፉን ፍቱ። ውሃ ካልሆነ ጉንዳን ነው። አዲሱን ቁልፍ ስትገጥሙ ሽቦው ከታች ይግባ፣ ከላይ በኩል ሲሊኮን ቀቡት፣ ከታች ግን ውሃ የሚወጣባት ቀዳዳ ተዉ።

ሁሉም ሲያልቅ የራውተሩን ስፒና ንቀሉ። አንድ ሰው ወደ በር ላኩና ይጫን። ደወሉ ከጮኸ ብሬከሩንም አውርዱና እንደገና ይጫን። ከዚያ በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ በኩል በማርከር ጻፉ፦ የትኛው ሽቦ ከበር እንደሚመጣ፣ 12 ቮልት እንጂ 220 እንዳልሆነ፣ የተሠራበትን ቀን። እኛ ቤት ያለው ላይ እማዬ ከሥሩ «አትንኩ» ብላ ጨምራበታለች።